ግዳጅ ላይ ቀድመው የሚሞቱ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

የመገናኛ ሬዲዮና የመስክ ላፕቶፕ ጥገና ላይ ነው የምሠራው። ጠረጴዛዬ ላይ የሚመጣው ዕቃ ብዙውን ጊዜ ጥይት የመታው አይደለም። ሙቀት የፈጀው፣ አቧራ የሞላው፣ ኮረኮንች መንገድ ያላላው ወይም የመኪና ኤሌክትሪክ ያቃጠለው ነው። የሚያሳዝነኝ አብዛኛው ገና ሲገዛ ወይም ሲገጠም ሊድን ይችል የነበረ መሆኑ ነው። ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ሲበላሽ ሥራ ይዘገያል፣ በቃ። ግዳጅ ላይ ያለ ሬዲዮ ዝም ካለ ግን ቁስለኛ ይውጣልኝ ብሎ የሚጣራው ወታደር ድምፁ የትም አይደርስም፤ እዚያ ደግሞ ዞር ተብሎ የሚገባበት የጥገና ሱቅ የለም፣ መለዋወጫውም የሚደርሰው ኮንቮይ ሲመጣ ነው። ስለዚህ ትንሽ ቆጣ ብዬ ብጽፍ አትቀየሙኝ።

ስቲከር አይቶ መግዛት

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። አንድ ታብሌት ይመጣል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «ሚሊታሪ ግሬድ» ይላል፣ ከሥሩ «ሚል ስታንዳርድ 810 ያለፈ» የሚል መስመር አለ። ግዢ ክፍሉ ያንን ያያል፣ ይፈርማል፣ አለቀ። ከጥቂት ወራት በኋላ ታብሌቱ እኔ ጋ ይመጣል።

ሚል ስታንዳርድ 810 የአሜሪካ መከላከያ የፍተሻ ሰነድ ነው። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1962 ሲሆን ኤች የሚባለው እትም የወጣው በ2019 ነው። ውስጡ ከሁለት ደርዘን በላይ የፍተሻ ዓይነት አለ፤ ሙቀት፣ ብርድ፣ ከፍታ፣ ዝናብ፣ እርጥበት፣ ሻጋታ፣ የጨው ጉም፣ አሸዋና አቧራ፣ ንዝረት፣ ምት እያለ ይቀጥላል። አንድ አምራች ከእነዚህ ሁለቱን ብቻ ፈትኖ «810ን አልፏል» ብሎ ቢጽፍ ማንም አይከለክለውም። ይህን ስም አይቶ የምስክር ወረቀት የሚሰጥ መሥሪያ ቤት የለም። አምራቹ ራሱ ይፈትናል ወይም ያስፈትናል፣ ራሱም ይለጥፋል። ሰነዱ የሚያዘው ደግሞ ሌላ ነው፦ መሣሪያው ከመጋዘን እስከ ግንባር የሚያልፍበትን ሁሉ አስቡ፣ ከዚያ ፍተሻውን በዚያ ልክ ምረጡ ነው የሚለው። ማለትም ጥያቄው የእናንተ ነው። አምራቹ የእናንተን ቦታ አያውቀውም።

የመጣል ፍተሻውን ብቻ እንይ። ከኤች በፊት በነበረው በጂ እትም መሠረት ዕቃው ከ122 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 26 ጊዜ ይጣላል፤ በ6ቱ ገጽ፣ በ12ቱ ጠርዝ፣ በ8ቱ ጥግ። የሚወድቀው ኮንክሪት ላይ በተነጠፈ 5 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ኮምፔንሳቶ ላይ ነው። ከዚህም በላይ 26ቱን ውድቀት እስከ አምስት ለሚደርሱ ዕቃዎች ማከፋፈል ይፈቀዳል። ስለዚህ ካታሎጉ ላይ «26 ጊዜ ወድቆ ተረፈ» የተባለው አንድ ታብሌት ሳይሆን አምስት ታብሌቶች ሊሆኑ ይችላሉ፣ እያንዳንዳቸው አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ብቻ የወደቁ። እናንተ ጋ ታብሌቱ የሚወድቀው ከሁለት ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ብረት ለበስ ጣሪያ ላይ፣ ሾጣጣ ድንጋይ ላይ፣ ስክሪኑ በርቶ ነው። አንዱ ከሌላው ጋር ምን ያገናኘዋል?

ስለዚህ ሻጩን የፍተሻ ሪፖርቱን ጠይቁት። ስቲከሩን ሳይሆን ሪፖርቱን። የትኛው የፍተሻ ዓይነት? በስንት ዲግሪ? ለስንት ሰዓት? ዕቃው ጠፍቶ ነበር ወይስ እየሠራ? የፈተነው ላቦራቶሪ የማን ነው? በእጁ ሪፖርት ያለው ሻጭ በማግስቱ ይልክላችኋል። የሌለው ስለ ድርጅቱ ዝና ማውራት ይጀምራል፤ ያኔ ጉዳዩ ይገባችኋል። በጨረታ ሰነዱ ላይም «ለወታደራዊ አገልግሎት የሚሆን» ብላችሁ አትጻፉ። ይህን የሚያሟላ ዕቃ ስለሌለ ሳይሆን ሁሉም አሟላለሁ ስለሚል ነው።

የአየሩን ሙቀት የመሣሪያው ሙቀት ማድረግ

«አካባቢው 42 ዲግሪ ነው፣ ዕቃው እስከ 50 ይሠራል፣ ስለዚህ ይበቃል።» አይበቃም። 42 የተባለው ጥላ ሥር የተለካው አየር ነው። እዚያው 810 ውስጥ ለሞቃትና ደረቅ ቦታ የተቀመጠው የቀን ዑደት የውጭው አየር 49 ሲደርስ በፀሐይ ላይ የተዘጋ ቦታ ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ 71 ዲግሪ እንደሚደርስ አድርጎ ነው የሚያሰላው። መስኮቱ የተዘጋ ፒክአፕ ወንበር ላይ የተረሳ ላፕቶፕን አስቡ። የምናውቀው አይፎን እንኳ አምራቹ የሚመክረው ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለ አየር እንዲሠራ ነው። ዳሎል አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 የተመዘገበው የዓመት አማካይ፣ ሌሊቱም ቀኑም ተደምሮ፣ 34.6 ነው። ስልካችሁን ይዛችሁ አፋር የወረዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ «ስልኩ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ» ይልና ይጠፋል።

ሙቀት ሁልጊዜ ወዲያው አይገድልም። ቀስ ብሎ ነው የሚበላው። ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያሉት ፈሳሽ ያላቸው ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ትንንሽ ጣሳ መሳዮች) በ10 ዲግሪ ሙቀት ጭማሪ ዕድሜያቸው በግማሽ ይቀንሳል ተብሎ ነው የሚሰላው። ስከፍታቸው አናታቸው አብጦ፣ ሥራቸው ላይ ቡናማ ፈሳሽ ደርቆ አገኘዋለሁ። ሰውየው ግን «ትናንት ደህና ነበር» ይለኛል።

ደጋ ላይ ያላችሁም አትዝናኑ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚጠርገው ሙቀት ያንሳል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ካለበት ደግሞ የባሰ ነው፤ የሚያነበው ጭንቅላት የሚንሳፈፈው በአየር ስለሆነ ብዙዎቹ የተፈቀደላቸው እስከ 3,000 ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ተራራ ላይ ለሚተከል ነገር ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ነገር የሌለውን ዲስክ ግዙ። ሌላ ምርጫ የለም።

አይፒ 67 ስለተጻፈ በግፊት ውሃ ማጠብ

አንድ ጎበዝ ሾፌር ተሽከርካሪውን ከነሬዲዮው በግፊት ውሃ አጥቦ አመጣልኝ። «አይፒ 67 ነው፣ ውሃ አይገባውም» አለኝ፣ እውነቱን ነው የሚናገረው የመሰለው። አይፒ ዕቃው አቧራና ውሃ እንዳይገባው ምን ያህል እንደታሸገ የሚናገር ደረጃ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር 6 አቧራ አይገባም ነው። ሁለተኛው 7 አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ተነክሮ ይተርፋል ነው። የግፊት ውሃ ሌላ ፍተሻ ነው፣ 5 እና 6 ናቸው እሱን የሚናገሩት። 7 ያለው ዕቃ 5ንም 6ንም ያልፋል ማለት አይደለም። ሁለቱም ከፈለጋችሁ ሁለቱም መጻፍ አለባቸው።

ደግሞም ቁጥሩ የሚሠራው ክዳኑ ሲዘጋ ነው። የዩኤስቢና የቻርጀር ቀዳዳ ላይ ያለችው የጎማ ክዳን በመጀመሪያው ወር ትዘለዘላለች፣ ከዚያ «ምን ታደርጋለች» ተብላ ትቆረጣለች። ባለፈው የከፈትኩት ላፕቶፕ ውስጥ ደቃቅ አፈር በማራገቢያው ክንፎች መካከል ተጠቅጥቆ፣ ከቅባት ጋር ተለውሶ ጭቃ ሆኖ ነበር። በካቻቪቴ ጫፍ ነው የፋቅኩት። ማራገቢያ የሌለውን፣ ሙቀቱን በብረት ቀፎው የሚያስወጣውን ብትገዙ ይህ ችግር አይገጥማችሁም፤ ዋጋው ይጨምራል፣ ያዋጣል።

መስክ ላይ ለጽዳት ብላችሁ ቀፎውን አትክፈቱ። ከከፈታችሁ የጎማ ማሸጊያውን ቀይሩ። በኮምፕረሰርም አትንፉ፣ አቧራውን ወደ ውስጥ ነው የምትገፉት።

ከመኪናው ባትሪ ላይ በቀጥታ መቀጠል

ከስቲከሩ ቀጥሎ ብዙ ዕቃ የሚገድለው ይሄ ነው። አብዛኛው የጦር ተሽከርካሪ 24 ቮልት ይባላል፣ ዲናሞው ሲሞላ 28 አካባቢ ነው። ይህ ግን መኪናው በሰላም ሲሄድ ነው። ሞተሪኖው ሲመታ ቮልቱ ቁልቁል ይወርዳል፣ ላፕቶፑ ወይም ሬዲዮው ይጠፋና እንደገና ይነሳል። ዲናሞው እየሞላ ሳለ የባትሪ ኬብል ላልቶ ቢላቀቅ ደግሞ ቮልቱ በቅጽበት ይተኮሳል። ሚል ስታንዳርድ 1275 የሚባለው የተሽከርካሪ ኃይል ሰነድ መሣሪያው 100 ቮልት ለ50 ሚሊ ሰከንድ እንዲችል የሚጠይቀው በባዶ ሜዳ አይደለም።

አሁን ከገበያ የተገዛውን፣ ጀርባው ላይ «12–24 ቮልት» የሚለውን የመኪና ቻርጀር እዚህ ላይ ሰኩት። ስከፍተው ሁልጊዜ የማየው አንድ ነው፦ መግቢያው ላይ ያለው ካፓሲተር ፈንድቷል፣ ቦርዱ ጠቁሯል፣ ፊውዙ ግን ደህና ነው። ፊውዝ የሚቆርጠው ብዙ ከረንት ሲፈስ እንጂ ቮልት ሲዘል አይደለም፤ ጀማሪዎች ሁሉ እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። መፍትሔው ለ1275 የተሠራ ኮንቨርተር (ቮልቱን የሚያስተካክል ዕቃ)፣ ባትሪው አጠገብ የገባ ፊውዝ፣ ወፈር ያለ ሽቦ፣ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ ላይ የታሰረ ግራውንድ ነው። ቀለም ላይ የታሰረ ግራውንድ ግራውንድ አይደለም።

የኃይል መዝለል ነገር ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 1967 ዩኤስኤስ ፎሬስታል በተባለችው አውሮፕላን ጫኝ መርከብ ላይ አንድ ጄት ከውጭ ኃይል ወደ ራሱ ኃይል ሲቀየር በተፈጠረ የኤሌክትሪክ መዝለል ሮኬት ተተኩሶ ወጣ። በተነሳው እሳት 134 ሰዎች ሞቱ።

ከወደቀ ተርፏልና መንገዱን ይችላል ማለት

መውደቅ አንድ ምት ነው። ኮረኮንች ላይ ስድስት ሰዓት መንገጫገጭ ሌላ ነገር ነው። ከባድና ረጅም የሆኑ ዕቃዎች ቦርዱ ላይ ሲወዛወዙ እግራቸው ይደክማል፣ ብየዳው ዙሪያ በአጉሊ መነጽር ብቻ የምትታይ ቀጭን የቀለበት ስንጥቅ ትፈጠራለች። ሬዲዮው ሲመታ ይሠራል፣ ሲተዉት ይጠፋል። በጥፊ የሚሠራ ሬዲዮ ካያችሁ ይቺ ናት። ከባዶቹን ዕቃዎች በሲሊኮን አጣብቁ፣ ብሎኖቹን በብሎን ማጣበቂያ እሰሩ፣ መሣሪያውን በፕላስቲክ ማሰሪያ ሳይሆን ንዝረት በሚውጥ ጎማ ላይ ግጠሙ።

ባትሪን በብርድ መሙላት

ሊቲየም ባትሪ ከዜሮ በታች አይሞላም። ያበላሸዋል፣ አደገኛም ያደርገዋል። በእጅ ሙቀት ካሞቃችሁ በኋላ ሙሉ። እ.ኤ.አ. በ1950 መጨረሻ፣ በብርዱ ወራት፣ ኮሪያ ውስጥ ቾሲን አካባቢ የተዋጉት የአሜሪካ ወታደሮች የሬዲዮ ባትሪ በብርድ እያለቀ አስቸግሯቸው ነበር፤ የእኛ ቃኘው ሻለቃ በተከታዩ ዓመት የዘመተው እዚያው ኮሪያ ነው።

እርጥበትን የዝናብ ጉዳይ ብቻ ማድረግ

ዝናብ ሳይዘንብም ውሃ ይገባል። ኤርኮንዲሽን ካለው ድንኳን አውጥታችሁ ሞቃት፣ እርጥብ አየር ላይ ስታስቀምጡት ቦርዱ ያልበዋል። ወዲያው አታብሩት፣ ከነቦርሳው ቆይቶ ይሙቅ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፓስፊክ ደሴቶች ላይ ሻጋታ ሬዲዮዎችን ስላጠቃ ነው አሜሪካኖቹ ቦርዱንና ሽቦውን በቫርኒሽ መቀባት የለመዱት። ዛሬም ቦርዱ መከላከያ ቅብ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ባሕር ዳርቻ ለሚሄድ፣ ሶማሊያ ለሚዘምተው ለምሳሌ፣ የጨው ጉም ፍተሻ የግድ ነው፤ የአይፒ ፍተሻ በንጹሕ ውሃ ነው የሚሠራው።

መሣሪያዎቹ አብረው ሲበሩ አለመሞከር

እያንዳንዱ ብቻውን ደህና ነው። ሁሉም ሲበራ ርካሹ ቻርጀር ሬዲዮው ላይ ይጮኻል፣ መስማት አይቻልም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 4 ቀን 1982 በፎክላንድ ጦርነት ኤችኤምኤስ ሼፊልድ የተባለችው የብሪታንያ የጦር መርከብ በሚሳኤል ስትመታ በሳተላይት መገናኛ እየተጠቀመች ነበር፤ የራዳር ማስጠንቀቂያዋም በዚያ ታውኮ ነበር። 20 ሰዎች ሞቱ።

ጠንካራ ላፕቶፕ ገዝቶ ኬብሉን ከመንገድ ዳር መግዛት

በዚህ ጉዳይ ጀማሪዎቹን አልቆጣም፣ በጀቱ ላፕቶፑ ላይ ያልቅባቸዋል። ነገር ግን ሥራው የሚቆመው ቀድሞ በሚበጠሰው ኬብል ነው። የሚጠመዘዝ ክብ ኮኔክተር፣ በገመድ የታሰረ ክዳን፣ በጓንት የሚያዝ። መጋዘን ውስጥ ለሚቀመጥ የቆጠራ ኮምፒውተር ግን ተራውን ግዙ፣ የተረፈውን ብር ኬብልና ትርፍ ባትሪ ላይ አውሉት።

ዕቃው ሲደርስም ወዲያው አታከፋፍሉ። አንዱን አውጡና ቀትር ፀሐይ ላይ፣ መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጥ እየሠራ አቆዩት። ሞተሩን ደጋግማችሁ እያስነሳችሁ ከመኪናው ኃይል ላይ አሠሩት። የውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ ግማሽ ቀን ይዛችሁት ዙሩ። በጓንት ነካኩት፣ ማታ ደግሞ የስክሪኑ ብርሃን ከስንት ሜትር እንደሚታይ ራቅ ብላችሁ እዩ። ያላለፈውን ዋስትናው ሳያልቅ መልሱ።