ትራጄዲ ለመጻፍ ከመጨረሻው ጀምሩ

አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ጻፉ፦ ዋናው ገጸ ባሕርይ ምን አደረገ? ያደረገውን ያወቀው መቼ ነው? ሁለተኛው ጥያቄ መልስ ካጣ በእጃችሁ ያለው አሳዛኝ ታሪክ እንጂ ትራጄዲ አይደለም። ሰውየው በመኪና አደጋ ቢሞት ተመልካቹ ያዝናል፣ በዚያው ያበቃል። ውድቀቱ ከራሱ ውሳኔ መምጣት አለበት።

ገጸ ባሕርይው እንከን የለሽም፣ ለይቶለት የከፋም አይሁን ይላል የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ አርስቶትል። ደጉ ሲወድቅ ያስቆጣል፤ ክፉው ሲወድቅ «እሰይ!» ያሰኛል። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት ጉድለት ፍለጋ ላይ ነው፤ ስካር ወይም ቁማር ይለጥፉበታል። ያስከበረው ጠባይ ራሱ ቢጥለው ይበልጣል። የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት የሶፎክልስ ኤዲፐስ ቴብስ በተባለች የግሪክ ከተማ የነገሠው እንቆቅልሽ ፈትቶ ነው፤ የሚጠፋውም የቀድሞውን ንጉሥ ገዳይ ካላወቅሁ ብሎ ሲመረምር። ገዳዩ ራሱ ነው፤ ሳያውቅ የገደለው አባቱን፣ ያገባውም እናቱን ነው።

አሁን መዞሪያውን ትዕይንት፣ እውነቱ የሚገለጥበትን፣ ጻፉ፤ ከሌላው ሁሉ አስቀድማችሁ። መርዶው የምሥራች መስሎ ይግባ። ከቆሮንቶስ የመጣው መልእክተኛ «ንጉሥ ፖሊቦስ ዐርፏል፣ ዙፋኑ ያንተ ነው» ይላል። አባቱን እንደሚገድል፣ እናቱንም እንደሚያገባ ትንቢት የተነገረበት ኤዲፐስ ፖሊቦስ አባቱ ስለሚመስለው እፎይ ይላል፤ እናቱን እንዳያገባ ግን አሁንም ይፈራል። መልእክተኛው ሊያረጋጋው ብሎ «እነሱ እኮ አልወለዱህም፤ ሕፃን ሳለህ ከእረኛ ተቀብዬ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ» ይለዋል። ሚስቱ ዮካስታ አጠገባቸው ቆማ ትሰማለች። ለጊዜው ምንም አትናገርም፤ ከባሏ ቀድማ የገባት ግን እሷ ናት። እናንተም ቀድሞ የሚገባው አንድ ሰው መድረኩ ላይ አቁሙ፤ ቃለ ተውኔት አትስጡት፣ የተመልካቹ ዓይን ራሱ ይፈልገዋል።

መክፈቻውን ለመዞሪያው አስጠጉት። ኤዲፐስ የፈጸማቸው ግድያና ጋብቻ መጋረጃው ከመከፈቱ ብዙ ዓመት በፊት ያለፉ ናቸው፤ ተውኔቱ የሚያሳየው የምርመራውን ቀን ብቻ ነው። ለአንድ ገቢር አንድ ቀንና አንድ ቦታ ይበቃል።

ደም መድረክ ላይ አታፍስሱ። ተዋናይ ሲሞት ትንሽ ከተሳሳተ አዳራሹ ይስቃል፣ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው የለም። ዮካስታ ራሷን ስትሰቅል፣ ኤዲፐስም በልብሷ መርፌ ዓይኑን ሲያወጣ የምንሰማው ከቤተ መንግሥቱ በወጣ አገልጋይ አፍ ነው።

ቃለ ተውኔቱን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። አማርኛ ይህን ክብደት እንዴት እንደሚሸከም ለመስማት የጸጋዬ ገብረ መድኅን የኦቴሎና የሐምሌት ትርጉሞች ጥሩ ጆሮ ማሟሻ ናቸው። ገጸ ባሕርይው እውነቱን ካወቀ በኋላ ሽማግሌ ገብቶ የሚመክርበት ትዕይንት ካለ ሰርዙት።