አንዱ የፊት ጥርስ ብቻ ሲጠቁር

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላልና መንዝ ሜዳም ሆነ ደብረ ብርሃን ዙሪያ ሩሯ ወይም ዱላው አፍ ሲያገኝ ማንም አይካሰስም። ከንፈር ያብጣል፣ ትንሽ ይደማል፣ ጥርሱ ካልወለቀ ነገሩ ይረሳል። ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ግን የተመታው ጥርስ ከጎረቤቶቹ ተለይቶ ግራጫ ይሆናል። ቆሻሻ ይዞት አይደለም። ምቱ ውስጡ ያለውን ደም ሥር በጥሶት፣ የፈሰሰው ደም ሲበላሽ ቀለሙ ዴንቲኑ (ከላዩ ጠንካራ ሽፋን፣ ከገለፈቱ፣ ሥር ያለው የጥርስ ክፍል) ውስጥ ባሉ በዓይን በማይታዩ ቱቦዎች ሰርጎ ቀርቷል። ስለዚህ በሎሚ ቢያሹት፣ በከሰል ቢፈትጉት አይለቅም። ሎሚው ገለፈቱን ያሟሟዋል፣ ከሰሉ ይፍቀዋል፤ ገለፈቱ በሳሳ ቁጥር ደግሞ ከሥሩ ያለው ቢጫ ዴንቲን ይበልጥ ይወጣል።

መጀመሪያ ቀለሙን ማንበብ ያስፈልጋል። አንድ ጥርስ ብቻ ግራጫ ወይም ቡናማ ከሆነ ነርቩ መሞቱን ይጠርጥሩ። አንዱ ብቻ ቢጫ ከሆነ ከምቱ በኋላ የውስጡ ቦይ በጠንካራ ነገር ተሞልቶ ጠብቦ ሊሆን ይችላል፤ ነርቩ ግን በሕይወት ሊኖር ስለሚችል ቢጫ ስለሆነ ብቻ የሥር ሕክምና (ነርቩን አውጥቶ ቦዩን መሙላት) አይደረግም። ሮዝ መስሎ ከታየ አይቆይ፤ ጥርሱ ከውስጥ እየተበላ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጥርሶች ላይ ነጭና ቡናማ ነጠብጣብ ካለ፣ በተለይ ወንጂ ወይም መተሐራ ያደጉ ከሆነ፣ ምክንያቱ በልጅነት የተጠጣው ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ ሊሆን ይችላል። ጥርስ ለጥርስ መሐል የተጋገረ የቡና፣ የሲጋራና የጫት ቀለም ከሆነ ጥርስ ማሳጠብ ብቻ ይበቃል። ከዓመታት በፊት የተሞላ ሙሌት ጠቁሮም ሊሆን ይችላል፤ እሱ ተነሥቶ በአዲስ ይተካል፣ ሌላ ጣጣ የለውም።

ሐኪሙ ሥሩን እስከ ጫፉ የሚያሳይ ራጅ ማንሣት፣ በቀዘቀዘ ጥጥ ነርቩን መፈተን፣ ጎረቤት ጥርሶቹንም እንዲሁ ፈትኖ ማወዳደር አለበት። ድዱ ላይ እንደ ብጉር ያለ ነገር ካለ ሳይጠየቁ ይንገሩት፤ መግል መውጫ ሊሆን ይችላል። ያለ ራጅ «ዛሬውኑ እንሸፍነው» የሚል ካጋጠመ ተነሥቶ መውጣት ነው። የሞተ ነርቭ ላይ የተለጠፈ ቬኒር (በጥርሱ ፊት ላይ የሚጣበቅ ስስ ሽፋን) ከሥሩ መግል ሲይዝ ከነወጪው ይበላሻል።

ነርቩ ከሞተ የሥር ሕክምናው ይቀድማል። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ ቬኒር ወይም ክራውን (ጥርሱን ዙሪያውን የሚሸፍን ቆብ) ይሄዳል፤ እኛ ግን ጥርሱ ካልተሰበረ ከውስጥ ማንጣቱን እናስቀድማለን። ምንም ጤነኛ አካል አይሞረድም፣ ቢከሽፍ እንኳ ሌሎቹ መንገዶች ክፍት ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጥርሱ በጎማ ሽፋን ከምራቅ ይለያል። በጀርባው፣ በላንቃ በኩል፣ ተከፍቶ ውስጡ ይጸዳል፤ ማዕዘኖቹ ውስጥ የቀረ የነርቭ ትራፊ ካለ እሱ ራሱ ያጠቁራልና። የሥሩ ሙሌት ከጥርሱ አንገት 2–3 ሚ.ሜ. ዝቅ እስኪል ይወጣል። በላዩ 2 ሚ.ሜ. ያህል ግላስ አዮኖመር የሚባል የጥርስ ሲሚንቶ እንደ ግርዶሽ ይደረጋል። ይህችን ደረጃ የሚዘል ሐኪም አለ፤ ግን ሕክምናው የቆመው በእሷ ነው። የሚያነጣው መድኃኒት በአንገቱ በኩል ካፈተለከ ሰውነት ሥሩን ከውጭ መብላት ሊጀምር ይችላል፤ ሕመም ስለሌለው ከዓመታት በኋላ በራጅ ብቻ ይታያል። «ግርዶሹ ተሠርቷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ከዚያ የሶዲየም ፐርቦሬት ዱቄት በንጹሕ ውኃ እንደ ራሰ በሶ ይለወስና ውስጥ ይታሸጋል። ለማፋጠን በ30 በመቶ ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ የሚለውሱ አሉ፤ ሥር የመበላት አደጋውን የሚጨምረው ይኸው ስለሆነ በውኃ ይሁን ይበሉ። በየሳምንቱ ይለወጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ጊዜ። ከመሐል ሜዳ ወይም ከደብረ ሲና የሚመጣ ሰው ቀጠሮውን ከገበያ ቀን ጋር ቢያገጣጥም ይቀለዋል። ጊዜያዊው ማሸጊያ ከወደቀ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ምራቅ ከገባ መድኃኒቱም አይሠራም፣ ሥሩም ይበከላል። ጥርሱ ከጎረቤቱ ትንሽ ነጣ ሲል ይቆማል፣ ጥቂት ስለሚመለስ። የመጨረሻው ሙሌት ሌላ 2 ሳምንት ይቆያል፤ በጥርሱ የቀረው ኦክስጅን ኮምፖዚቱን (የጥርስ ቀለም ያለውን መሙያ) አያስይዘውም። ከዓመታት በኋላ ሊደበዝዝ ይችላል፣ ይደገማል።

ነርቩ በሕይወት ላለ ቢጫ ጥርስ በልክ የተሠራ ስስ ላስቲክ ይደረጋል፤ የግራና የቀኙ ጥርስ ቦታ ተቆርጦ ይወጣል፣ አለዚያ እነሱም አብረው ይነጡና ልዩነቱ እንዳለ ይቀራል። ካርባማይድ ፐሮክሳይድ የሚባል የማንጫ ቅባት፣ 10 በመቶው፣ የምስር ፍሬ ያህል ተደርጎ ሌሊት ያድራል፣ ከ2 እስከ 3 ሳምንት፤ ግትር ከሆነ ይረዝማል። ጥርሱ ይጠዘጥዝ ይሆናል። በጥቅምትና በኅዳር የደብረ ብርሃን ማለዳ ብርድ ይህን ያባብሰዋልና ስትወጡ አፍን በጋቢ መሸፈን፣ አንድ ሁለት ሌሊት መዝለል፣ ፖታሲየም ናይትሬት ባለው የጥርስ ሳሙና መቦረሽ ይረዳል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ይቆዩ። የድሮ ሙሌትና ክራውን በዚህ አይነጣም። በጾም ወቅት ባይጀመር ደግሞ እንመርጣለን፤ የበየዓይነቱ ቀይ ሥርና እርድ፣ ላዩ ላይ ቡና ሲጨመር፣ አዲስ የነጣ ጥርስን ቶሎ ያቀልማል።

ማንጣት ካልበቃ ኮምፖዚት ይለበጣል፣ በአንድ ቀጠሮ ያልቃል። ቀለሙ የሚመረጠው ከሁሉ በፊት፣ ጥርሱ እርጥብ ሳለ፣ በመስኮት ብርሃን ነው። አፍ በተከፈተ በደቂቃዎች ውስጥ ጥርስ ደርቆ ይነጣል፤ ያኔ የተመረጠ ቀለም በማግሥቱ እንደ ኖራ ያፈጣል። ድዷን የተነቀሰች ሴት ጥርሷ ከጥቁሩ ድድ አጠገብ ከእውነቱ በላይ ነጭ ስለሚመስል የቀለም ናሙናው ጎረቤት ጥርሱ ላይ ተጠግቶ ይታይ። ጥርሱ በ37 በመቶ ፎስፎሪክ አሲድ ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ይነካል፣ ይታጠባል፣ ማጣበቂያ ይቀባል፣ ጥቁሩን የሚጋርድ ስስ ንብርብር፣ ከዚያ ከ2 ሚ.ሜ. ያልበለጡ ንብርብሮች እያንዳንዳቸው በመብራት እየደረቁ ይደረባሉ። ምራቅ ከነካው ይላቀቃል። ከ5 እስከ 7 ዓመት ያገለግላል፤ የገብስ ቆሎ በፊት ጥርስ መከርተፍና ጠርሙስ መክፈት ግን ቀርቷል።

ፖርሴሊን ቬኒር ቡና አይዘውም፣ ከ10 ዓመት በላይም ይቆያል። ግን ወደ 0.5 ሚ.ሜ. ገለፈት ይሞረዳል፣ ለጥቁር ጥርስ ከዚያም ይበልጣል፤ የተሞረደ አይመለስም። ስስ ከሆነ ግራጫው ያልፈዋል፣ ስለዚህ አስቀድሞ ማንጣቱ እዚህም ይጠቅማል። አንድ ጥርስን ብቻ ከጎረቤቱ ጋር ማመሳሰል ደግሞ ስድስቱን ከመሥራት ይከብዳል። ላቦራቶሪው አዲስ አበባ ከሆነ የቀለም ናሙናው ከጥርሱ ጎን ተይዞ የተነሣ ፎቶ ይላክ፤ 130 ኪሎ ሜትሩን ራስዎ ሄደው ቢታዩ ይበልጣል። ክራውን ለተሰባበረ ወይም ግማሹ ሙሌት ለሆነ ጥርስ ይቀመጥ። ውስጡ ብረት ያለው ዓይነት ድዱ ሲሸሽ ጥቁር መስመር ያሳያል። ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ድዱ ገና ቦታውን ስላልያዘ በቬኒርም በክራውንም አይቸኮልም።

ከውስጥ የነጣ ጥርስ ቢያንስ በየዓመቱ ራጅ ይነሣ፤ ባያምም።