በመልእክተኛ የሚታዘዝ ጦር እንዴት ይመራል

አብዛኛው የስትራቴጂ ጌም ተጫዋቹን ከሰማይ አስቀምጦ ሁሉን ያሳየዋል። አንድ ሻምበል ላይ ክሊክ ሲያደርግ ሻምበሉ በዚያው ቅጽበት ይነሳል። እንዲህ አድርጎ ጦር የመራ ጄኔራል በታሪክ የለም። ፒያሳ ቅዳሜ ከሰዓት ተሰብስበን የምንጫወተው ጓደኛሞች ትዕዛዝ በመልእክተኛ ወደሚሄድባቸው ጌሞች ከዞርን ወዲህ ወደ ድሮው መመለስ አልቻልንም። አዲስ የሚቀላቀሉን ልጆች ግን መጀመሪያ ላይ ይበሳጫሉ። «አዝዤው እኮ አይሄድም!» ይላሉ። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው።

ለመጀመሪያ «ስከርጅ ኦፍ ዋር፦ ጌቲስበርግ» ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ስለሆነ አዲስ ኮምፒውተር አይጠይቅም። ትዕዛዙ በፈረሰኛ እንዲሄድ፣ እይታችሁም አዛዡ ከቆመበት እንዳይርቅ ማድረግ ይቻላል፤ ሁለቱንም ከመጀመሪያው ቀን አብሯቸው። «ኮማንድ ኦፕስ» ከበድ ያለ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጌም ነው። ለአንድ ጠቅላይ መምሪያ ግዳጅ ትሰጡታላችሁ፣ እሱ አቅዶ ለበታቾቹ ያከፋፍላል። «ራዲዮ ኮማንደር» ደግሞ ቬትናም ውስጥ ካርታና ራዲዮ ብቻ ይዛችሁ እንድትዋጉ ያደርጋችኋል።

ማዕረግ ስትመርጡ ክፍለ ጦር ያዙ። ብርጌድ ከያዛችሁ ሁሉም ወታደር ዓይናችሁ ሥር ስለሚሆን የዕዝ ሰንሰለቱ ምን እንደሚሠራ አይታያችሁም። ሙሉ ሠራዊት ከያዛችሁ ደግሞ ትዕዛዛችሁ የት እንደጠፋ ሳታውቁ ይመሻል። በክፍለ ጦር ደረጃ ከሥራችሁ ጥቂት የብርጌድ አዛዦች ይኖራሉ፤ ለማወቅም ለማስታወስም አያስቸግሩም።

ማዘዝ ያለባችሁ እነዚህን አዛዦች ብቻ ነው። በብርጌዱ ሥር ካሉት ሬጅመንቶች አንዱ ሲያፈገፍግ ስታዩ እጃችሁ ወደ ማውሱ ይሮጣል፤ ያዙት። ብርጌዱን አልፋችሁ ሬጅመንቱን ካዘዛችሁ የብርጌድ አዛዡ አሰላለፉን ሊጠብቅ ሲል እናንተ ታፈርሱበታላችሁ። ኮማንድ ኦፕስ ውስጥ ቅጣቱ ግልጽ ነው፦ አንድ መምሪያ በቀጥታ የሚመራቸው ክፍሎች ከአቅሙ በላይ ሲሆኑበት ሥራው ሁሉ ይንቀራፈፋል።

ትዕዛዝ ስትጽፉ ደግሞ የሚደርስበትን ሰዓት አስቡ። መልእክተኛው 10 ደቂቃ ከፈጀበት፣ የብርጌዱ አዛዥም የራሱን ሰዎች እስኪያንቀሳቅስ ሌላ 10 ደቂቃ ከወሰደ፣ አሁን በዓይናችሁ የምታዩት ቀዳዳ ያኔ ተደፍኗል። ስለዚህ «አሁን ምን ይሁን?» ሳይሆን «ከ20 ደቂቃ በኋላ ይህ ሰው ምን ማወቅ ያስፈልገዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። የላካችሁትንም ቶሎ ቶሎ አትቀይሩ። አዲስ ትዕዛዝ የቀድሞውን ሥራ አስቁሞ መዘግየቱን ከዜሮ ያስጀምረዋል፤ በየአምስት ደቂቃው የሚታዘዝ ብርጌድ ቀኑን ሙሉ ሲዘጋጅ ይውላል።

አሁን ወደ ትዕዛዙ ቃል እንምጣ፤ ብዙ ጦርነት የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 25 ቀን 1854 ባላክላቫ ላይ የእንግሊዙ አዛዥ ሎርድ ራግላን ከከፍታ ላይ ሆኖ ሩሲያውያን የማረኳቸውን መድፎች ሊወስዱ ሲሰናዱ አየ። ፈረሰኛው ወደፊት ገፍቶ ጠላት መድፎቹን እንዳይወስድ እንዲከለክል አስጽፎ ላከ። ትዕዛዙ የደረሰው የፈረሰኛው አዛዥ ሎርድ ሉካን ግን ሸለቆው ውስጥ ነበር፤ ራግላን የሚያያቸውን መድፎች ከዚያ ሆኖ ማየት አይችልም። «የትኞቹን መድፎች?» ብሎ ሲጠይቅ ወረቀቱን ያመጣው ካፒቴን ኖላን እጁን ወደ ሸለቆው መጨረሻ ዘረጋ። 670 ገደማ ፈረሰኞች የሩሲያ መድፍ ፊት ለፊት ወደተደገነበት ሸለቆ ጋለቡ። የቦታ ስም በወረቀቱ ላይ ቢኖር ኖሮ ጥያቄውም አይነሳም ነበር።

በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጌቲስበርግ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1863፣ የደቡቡ አዛዥ ጄኔራል ሊ በሥሩ ለነበረው ጄኔራል ኢዌል ያስተላለፈው ሌላ ዓይነት ነው፦ ከተቻለህ ኮረብታውን ያዝ፣ የቀረው ጦር እስኪደርስ ግን ወደ ትልቅ ውጊያ አትግባ። ኢዌል አላጠቃም። ብዙ ሰው ኢዌልን ይወቅሳል፤ እኔ ግን እንዲህ ዓይነት ትዕዛዝ ደርሶኝ ቁጭ ብል የሚፈረድብኝ አይመስለኝም። አንድ ወረቀት ላይ እርስ በርስ የሚጣሉ ሁለት ፍላጎቶች ካሉ የትኛው እንደሚበልጥ ጻፉ።

ሦስተኛው የራሳችን ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የጣሊያኑ ጄኔራል ባራቲዬሪ አራት ብርጌዶቹን በሌሊት ሲያስጉዝ ለአዛዦቹ የሰጠው ንድፍ ካርታ ኪዳነ ምሕረት የሚለውን ስም የተሳሳተ ኮረብታ ላይ አስቀምጦ ነበር። ከብርጌድ አዛዦቹ አንዱ አልቤርቶኔ ትክክለኛውን ኪዳነ ምሕረት ፍለጋ ከሌሎቹ ርቆ ወደፊት ገፋ፣ ለብቻውም ከምኒልክ ጦር ጋር ተጋጠመ። እንዲደግፈው የተላከው ዳቦርሚዳም ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ወጣ። የጀግኖቻችን ጀግንነት እንዳለ ሆኖ፣ ብርጌዶቹ ተነጣጥለው መገኘታቸው የዕዝ ጉዳይ ነው። ፒያሳ ያለውን የዓድዋ መታሰቢያ ጎብኝታችሁ ስትወጡ ካርታውን ከዚህ አንፃር እዩት።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ጥይት በፊት ኮረብታውን፣ ወፍጮውን፣ ድልድዩን፣ የጫካውን ጠርዝ ሰይሟቸው፤ ሁሉም አዛዥ ያንኑ ስም ይያዝ። ትዕዛዙ ውስጥ ቦታው፣ ሥራው፣ የተፈለገበት ምክንያትና ነገሩ ከተለወጠ ምን እንደሚደረግ ይኑር። ምክንያቱን አትዝለሉ፤ እናንተ ሳትደርሱለት ሁኔታው ሲቀየር የበታች አዛዡ የሚመራው በእሱ ነው። ከመካከላችን ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ ልጅ በዚህ ማንም አይደርስባትም። አንዱ ትዕዛዟ እንዲህ ይላል፦

«ለ2ኛ ብርጌድ። ከድንጋይ አጥሩ ጀርባ ቦታ ያዝ። የምፈልገው ግራ ጎናችን እንዳይዞርብን ነው። ጠላት ከጫካው በሁለት መስመር ከወጣ ወደ ወፍጮው አፈግፍግ፤ ካልወጣ ከቦታህ አትነሳ። ከጠዋቱ 4፡10።»

ሰዓቱን መጻፏን ልብ በሉ። ሁለት ወረቀት ተከታትሎ የደረሰው አዛዥ የቱ እንደሚቀድም የሚያውቀው በሰዓቱ ነው። ወሳኝ ትዕዛዝ ሲሆን ደግሞ በሁለት መልእክተኛ፣ በሁለት መንገድ ላኩ።

መብራት ሲጠፋ እኛ ያለ ኮምፒውተር እንቀጥላለን፤ እውነት ለመናገር ከስክሪኑ ይልቅ የሚያስተምረው ይሄኛው ነው። ሐሳቡ የፕሮይሱ መኮንን ፎን ራይስቪትስ እ.ኤ.አ. በ1824 ካሳተመው «ክሪግሽፒል» ከተባለ የጦርነት ጨዋታ የመጣ ነው። እኔ ማተሚያ ቤት ስለምሠራ የወረቀት ቁራጭ አይቸግረኝም። ዋናው አዛዥ አንድ ክፍል ይቀመጣል፣ ፊታውራሪው፣ ቀኝአዝማቹና ግራአዝማቹ ሌላ ቦታ። አንድ ሰው ዳኛ ይሆናል፤ ሙሉውን ካርታ የሚያየው እሱ ብቻ ነው። አንዱ ዙር የጦር ሜዳ 2 ደቂቃ ነው፣ ፈረሰኛ መልእክተኛ በአንድ ዙር 500 ሜትር ይሄዳል እንላለን። ዳኛው ወረቀቱን ተቀብሎ ዙሩ እስኪሞላ ኪሱ ውስጥ ያቆየዋል። የግጭቱን ውጤት ዳይስ ወርውሮ ይወስናል። መነጋገር ክልክል ነው፤ ከአጠገብ ሰው ጋር በዓይን መጠቃቀስም ጭምር።

ስለ ራሳችሁ ቦታም ላንሳ። ግንባር ላይ አትቁሙ፣ እንደ ልባችሁም አትዙሩ፤ መልእክተኛው ሪፖርት ይዞ ሲመጣ ፈልጎ ያጣችኋል። መንገዶች የሚገናኙበት ቦታ መርጣችሁ ቆዩ። ከእያንዳንዱ አዛዥ በየጊዜው ሪፖርት ጠይቁ፤ ዝም ያለ ብርጌድ ሁሌ ደኅና ነው ማለት አይደለም።

ተጠባባቂ ጦራችሁን ደግሞ ከአጠገባችሁ አድርጉት። ከሜዳው ሁሉ ሳይዘገይ የሚታዘዝላችሁ እሱ ብቻ ነው። ቀድማችሁ ከለቀቃችሁት ለቀሪው ሰዓት ተመልካች ትሆናላችሁ። የላካችሁት እንደሆነ እሱ ገና መንገድ ላይ ሳለ፣ ከውጊያ ወጥቶ እየተሰበሰበ ያለ ሌላ ብርጌድ ፈልጉና ወደ እናንተ እንዲቀርብ እዘዙት።