ለተመራጭዎ በኢንተርኔት ሲጽፉ እነዚህን ስህተቶች ያስወግዱ

ለሕዝብ ተወካይ መጻፍ ድሮ ፖስታና ቴምብር ይጠይቅ ነበር። ዛሬ ስልክ ይበቃል። ሆኖም ብዙ መልእክት ይላካል፣ ብዙውም ያለ ውጤት ይቀራል። ጥፋቱ ደግሞ ሁልጊዜ የተወካዩ አይደለም።

አንደኛው ስህተት ለማይመለከተው ሰው መጻፍ ነው። ሰው ሲቸግረው ስሙን በቴሌቪዥን ለሚሰማው ባለሥልጣን ይጽፋል። መስማት ያለበት ግን የምርጫ ክልልዎ ተመራጭ ነው። በብሪታንያ አንድ የፓርላማ አባል የሌላውን አባል መራጮች ጉዳይ አይዝም፤ የቆየ ልማድ ነው። ስለዚህም «ራይት ቱ ዜም» የተባለው የዚያው አገር ለተወካዮች መጻፊያ ድረ ገጽ አስቀድሞ የመኖሪያ አካባቢዎን የሚያሳየውን የፖስታ ኮድ ይጠይቅና ተወካዮችዎን ራሱ ፈልጎ ያወጣልዎታል። ደረጃውንም ይለዩ። የመንገድ መብራት አብዛኛውን ጊዜ የአካባቢ ምክር ቤት ሥራ ነው፤ «ሕግ ይሻሻል» ከሆነ ደግሞ የፓርላማ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ኮፒ ፔስቱ ነው። ሰዎች ከልባቸው ተቆርቁረው፣ ሌላ ሰው ያዘጋጀውን ደብዳቤ ስማቸውን ብቻ ጨምረው ይልካሉ። የቢሮው ረዳቶች ገና ሦስተኛውን ሲያዩ ያውቁታል። መቶው ደብዳቤ እንደ አንድ ተቆጥሮ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጠዋል። ከላይ የጠቀስኩት ድረ ገጽ እንዲያውም ተመሳሳይ ደብዳቤ በጅምላ መላክን አይፈቅድም። አምስት መስመር ብትሆንም የራስዎ ትሁን። እናትዎ ሐኪም ለማየት ስንት ወር ወረፋ እንደጠበቁ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። እሱን ይጻፉ።

ቁጣ ብቻ የሚጽፉም አሉ። መቆጣት መብትዎ ነው። ግን ያነበበው ሰው «ታዲያ ምን ላድርግ?» ብሎ እንዳይቀር አንድ ቁርጥ ያለ ነገር ይጠይቁ። «ይህን ረቂቅ ሕግ ይደግፋሉ ወይስ ይቃወማሉ?» «ጥያቄዬን ለሚኒስትሩ ያቀርቡልኛል?» እንዲህ ያለውን አድበስብሶ ማለፍ ይከብዳል።

አቤቱታ ላይ ፈርሞ «በቃ፣ የድርሻዬን ተወጣሁ» ማለትም ያዘናጋል። በብሪታንያ ፓርላማ የአቤቱታ ድረ ገጽ 10,000 ፊርማ የመንግሥትን ምላሽ ያስገኛል። 100,000 ሲደርስ ጉዳዩ ለክርክር እንዲቀርብ ይታሰብበታል። ይታሰብበታል ነው የሚለው፣ ሕጉ ይቀየራል አይልም። ከፈረሙ በኋላ ለራስዎ ተወካይም ይጻፉ፤ ክርክሩ ላይ ተገኝተው እንዲናገሩልዎ ይጠይቋቸው።

አደገኛው ስህተት ግን ገመናን አደባባይ ማውጣት ነው። በጀርመን ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «አብጌኦርድኔተንቫች» በተባለ ድረ ገጽ ዜጎች ይጠይቃሉ፣ ተመራጮች ይመልሳሉ፤ ጥያቄውም መልሱም ለሁሉም ይታያል። ስለ ፖሊሲ ለመጠየቅ ግሩም መንገድ ነው። የሕክምና ወረቀትና የመታወቂያ ቁጥር ግን እንዲህ ባለ ቦታ አይለጠፍም። የግል ጉዳይ በቀጥታ ለተወካዩ ቢሮ ይላካል።

በመጨረሻ፣ መልስ ዘገየ ብለው አይተዉት። የላኩበትን ቀን ይመዝግቡ። ሁለት ሦስት ሳምንት ጠብቀው «በዚህ ቀን ጽፌልዎ ነበር፣ መልስዎን እየጠበቅሁ ነው» ብለው የመጀመሪያውን መልእክት አያይዘው ይላኩ። አሁንም ዝም ካሉ ወደ ቢሯቸው ይደውሉ።