ትልቅ ቁጥርን በእርሳስ መበርበር

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ጤፍ ስሸጥ የእህቴ ልጅ «735134400 ስንት አካፋዮች (ያለ ቀሪ የሚያካፍሉት ቁጥሮች) አሉት?» ብሎ መጣ። ስልኩን ቀማሁትና እርሳስ ሰጠሁት።

መጀመሪያ አሃዞቹን ደምር፤ 27። ስለዚህ ለ9 ይካፈላል። እኔ የምወደው ቀጣዩን ነው። ከቀኝ በኩል ሦስት ሦስት አሃዝ አድርገህ ቁረጥ፦ 400፣ 134፣ 735። ከ400 ላይ 134 ቀንስ፣ 735 ጨምር፤ 1001 ይወጣል። 1001 ደግሞ 7፣ 11ና 13 ሲባዙ የሚገኝ ነውና ቁጥራችን ለሦስቱም ያለ ቀሪ ይካፈላል። (ልጁ አላመነኝም፤ ጤፍ የምትገዛ እናት ቆማ እስክትጠብቀኝ ድረስ አካፍሎ አየው።)

የቀረው ቁጥሩን እስከ መጨረሻው የመበተን ትዕግሥት ነው፤ እነዚህ ሲባዙ ቁጥራችንን ይሰጣሉ፦ 2 ስድስት ጊዜ፣ 3 ሦስት ጊዜ፣ 5 ሁለት ጊዜ፤ 7፣ 11፣ 13ና 17 አንድ አንድ ጊዜ። በየድግግሞሹ ላይ 1 ጨምረህ አባዛ፦ 7×4×3×2×2×2×2። 1344 አካፋዮች! ከሱ የሚያንስ ማንም ቁጥር ይህን ያህል የለውም።