ስኩተርን በቤት ሲጠግኑና ሲያሻሽሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ የሐረጎን መንገድ ለሚመላለሱ

ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ሁለቱን የሚያገናኘው የሐረጎ መንገድ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ የወረደውም ሰው ማታ መልሶ ይወጣዋል። ትንሽ ስኩተር ያለው የወሎ ሰው ስለ ጥገና የሚማረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሜዳማና ሞቃት በሆኑ የሩቅ አገር ከተሞች ከተቀረጹ የስልክ ቪዲዮዎች ነው። ምክሩ በተነገረበት ቦታ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ሲደርስ ግን አቀበቱ፣ ቁልቁለቱ፣ የክረምቱ ጭጋግና የበጋው አቧራ መልኩን ይለውጡታል። ከዚህ በታች ከማነሣቸው ስህተቶች ግማሾቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ፤ የቀሩትን በጎረቤቶቼ ግቢ ቆሜ አይቻለሁ።

የሥራ ቦታን አለመምረጥ

በሐምሌና በነሐሴ የደሴ ዝናብ ፋታ ስለማይሰጥ ስኩተሩን ወደ ሳሎን ወይም ወደ ጠባብ ዕቃ ቤት አስገብቶ መሥራት የተለመደ ነው። መፍታቱና ማጽዳቱ አይከፋም፤ ሞተሩን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማስነሣት ግን ይገድላል። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው፣ ራስ ምታቱ በተሰማ ጊዜ ሰውየው ተነሥቶ በሩን የሚከፍትበት አቅም ላይኖረው ይችላል። በተጨማሪም ካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚያደባልቀው ዕቃ) በሚፈታበት ክፍል ቡና መፈላት የለበትም። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል እየተሳበ ከክፍሉ ማዶ ያለውን የከሰል ምድጃ ሊያገኝ ይችላል። ቤንዚን በጠፋ ሰሞን በሃይላንድ ተገዝቶ አልጋ ሥር የሚቀመጠውም አደጋው ተመሳሳይ ነው።

ዘይትን በጉልበትና በግምት መቀየር

የአንድ 125 ሲሲ ስኩተር ሞተር የሚይዘው ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሊትር ያነሰ፣ በብዙዎቹ 0.8 ሊትር ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ የቡና ሲኒ ሙሉ ዘይት መጉደሉ ለመኪና ምንም ላይሆን ይችላል፤ ለስኩተር ግን ብዙ ነው። ተቃራኒው ስህተትም እንዲሁ የተለመደ ሲሆን፣ ባለ አንድ ሊትሩ ጠርሙስ “ከሚተርፍ ይግባ” ተብሎ እስከ ጠብታው ይገለበጣል። ትርፉ ዘይት በመተንፈሻው ቱቦ አድርጎ ወደ አየር ፊልትሮው ይደርስና ያረጥበዋል፤ ባለቤቱም ከሳምንት በኋላ ሞተሩ ለምን እንደሚታፈን ግራ ይገባዋል። ልኩ የሚታየው ስኩተሩ በመካከለኛው ማቆሚያው ደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ ነው። ደሴ ውስጥ ደልዳላ ግቢ ማግኘት ራሱን የቻለ ጣጣ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም በአንድ ጎማ ሥር ጣውላ አስገብቶ ማስተካከል ይቻላል።

በብዙ ቻይና ሠራሽ ስኩተሮች ሥር ዘይት የሚወጣበት ትልቅ ክዳን አለ፤ ከውስጡ ሞላና የሽቦ ወንፊት ተቀምጠዋል። ይህን ሳላውቅ ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈትሁ ዕለት ክዳኑ ከእጄ አምልጦ፣ ሞላው ከትኩሱ ጥቁር ዘይት ጋር ሳፋው ውስጥ ገባ። ሞላውን በጣቴ ዳብሼ አገኘሁት፤ ወንፊቱን ግን ያገኘሁት ዘይቱን በአሮጌ ነጠላ ካጠለልሁት በኋላ ነው። በድንጋጤ ላይ ሆኜ ክዳኑን መልሼ ሳስር ደግሞ አጥብቄ አጥብቄ ጥርሱን በላሁት። በሠፈራችን ያሉ አንድ አዛውንት መካኒክ አይተው፣ “አብሽር ልጄ፣ ይድናል። ግን ይሄ ብረት አይደለም፣ አሉሚኒየም ነው፤ በጣትህ ጀምረው፣ በአጭር ቁልፍ ጨርሰው፣ ትከሻህን አታስገባበት” አሉኝ። ጥርሱን ለማስወጣት የከፈልሁት ገንዘብ ዘይቱን በጋራዥ ባስቀይር ኖሮ ከምከፍለው በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር።

ከኋላ ጎማው አጠገብ፣ በማርሽ ሳጥኑ ውስጥ፣ ከሞተሩ ዘይት ጋር የማይገናኝ ሌላ ዘይት አለ። መጠኑ 100 ሚሊ ሊትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ብዙዎች መኖሩንም ሳያውቁ ስኩተሩን ይሸጡታል። ኩሽኔታው መጮህ ከጀመረ በኋላ ዘይት መጨመር ድምፁን ለጥቂት ጊዜ ያለዝበው ይሆናል እንጂ አያድነውም።

የአየር ፊልትሮን በቤንዚን ማጠብ ወይም አውጥቶ መጣል

የወረቀት ፊልትሮ አይታጠብም፤ ቀስ ተብሎ ይራገፋል፣ ካልሆነ ይቀየራል። የስፖንጅ ፊልትሮ በሳሙናና በውኃ ታጥቦ፣ በጥላ ደርቆ፣ ጥቂት ዘይት ጠጥቶና ተጨምቆ ይመለሳል፤ በቤንዚን ከታጠበ ግን ስፖንጁ ይበጣጠሳል፣ ሙጫውም ይለቃል። ፊልትሮውን አውጥቶ መንዳት “ያስተነፍሰዋል” የሚሉ አሉ። በበጋ ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ገጠር የሚወስደውን ኮረት መንገድ ያየ ሰው፣ ያ ሁሉ አቧራ ወደ ፒስተኑ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያቅተውም።

ሞተሩ ደከመ ብሎ ቤንዚን መጨመር

ይህ ስህተት ከደሴ ከፍታ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላስረዳ። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው። ሞተር የሚሠራው በአየርና በቤንዚን ድብልቅ በመሆኑ፣ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ 125 ሲሲ የተባለው ሞተር ደሴ ላይ የ100 ሲሲ ያህል ቢጎትት ታመመ ማለት አይደለም። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር ደግሞ እዚህ ሲመጣ የሚሰጠው ቤንዚን እንደ አየሩ አይቀንስለትም። ስለዚህ ድብልቁ ቤንዚን የበዛበት ይሆናል፤ ካንዴላው (ድብልቁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ሲወጣ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ለብሶ ይገኛል፣ ጭሱም ይሸታል። ባለቤቱ ግን ድካሙን ብቻ አይቶ “ቤንዚን አንሶት ነው” ይልና ሰፋ ያለ ጄት (ቤንዚን የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው የካርቡሬተር ትንሽ ዕቃ) ይገጥማል፤ ማለትም የታመመበትን ነገር ይጨምርለታል።

የሚያስፈልገው ተቃራኒው፣ ዋናውን ጄት በአንድ ቁጥር ማሳነስና ሚኒሞውን (ስኩተሩ ሳይሄድ ሞተሩ የሚዞርበትን ልክ) እንደገና ማስተካከል ነው። እዚህም ላይ ማብዛት ሌላ ስህተት ያመጣል። ለደሴ በጣም ተቀንሶ የተስተካከለ ስኩተር ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ወደ ከሚሴ ወይም ወደ ባቲ ሲወርድ ወፍራም አየር ያገኛል፤ ቤንዚኑ ያንሰዋል፣ ካንዴላው ነጭ ይሆናል፣ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል። በየቀኑ ሐረጎን የሚመላለስ ሰው ከአንድ ቁጥር በላይ ባይቀንስ፣ የካንዴላውንም ቀለም አንዴ ደሴ፣ አንዴ ኮምቦልቻ ላይ አውጥቶ ቢያይ ይሻለዋል፤ ሻይ የመሰለ ቡናማ ቀለም ጥሩ ነው። ካርቡሬተር የሌለውና ቤንዚኑን በኤሌክትሮኒክስ የሚመጥን ስኩተር በሴንሰሮቹ አማካይነት ራሱን ስለሚያስተካክል ባይነካ ይመረጣል።

ቺንጋውንና ቫሪዬተሩን እንደ ተራ ብሎን ማየት

ስኩተር ሰንሰለትም የእግር ማርሽም የለውም። የሞተሩን ጉልበት ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው በግራ ጎኑ ሽፋን ሥር ያለው ቺንጋ ሲሆን፣ ማርሹን የሚቀይሩለት ደግሞ በፊተኛው ፑሊ ማለትም በቫሪዬተሩ ውስጥ ያሉ፣ ብዙውን ጊዜ ስድስት የሆኑ ሮለሮች ናቸው። ሞተሩ ሲፈጥን ሮለሮቹ ወደ ውጭ ተወርውረው የፑሊውን ገጽ ይገፋሉ፤ ቺንጋው ከፍ ይልና ስኩተሩ ወደ ፈጣኑ ማርሽ ይሄዳል። በእኔ ግምት በቤት ውስጥ ከሚሠሩት ስህተቶች በጣም ውዱ የሚሠራው እዚህ ነው።

መጀመሪያ፣ ፑሊው ከያዘው ዳዶ ጋር አብሮ ስለሚዞር ዳዶው አልፈታ ይላል። ያን ጊዜ እጅ ወደ ካቻቢቴ ይሄዳል፤ ካቻቢቴው በፑሊው የማቀዝቀዣ ክንፎች መካከል ይሰካና ትግል ይጀመራል። ክንፎቹ የተሠሩት ንፋስ ለማራገብ ነውና አንዱ ወይም ሁለቱ ይሰበራሉ፣ ፑሊውም ሚዛኑን ስቶ ይንቀጠቀጣል። መያዣ መሣሪያ የሌለው ሰው ስኩተሩን እየገፋም ቢሆን በአየር መፍቻ ወደሚሠራ ጋራዥ ወስዶ ዳዶውን ብቻ ቢያስላላ ኪሳራ የለውም።

ከዚህ የሚብሰው ሲገጠም ነው። አዲስ ቺንጋ ወጥሮ ስለሚይዝ በሁለቱ የፊት ፑሊ ገጾች መካከል ተቆንጥጦ ይቀራል። ዳዶው ሲጠብቅ የሚጫነው በፑሊው መካከል ያለውን ቡሽ (ዘንጉ የሚያልፍበትን የብረት ቱቦ) ሳይሆን ቺንጋውን ይሆናል፤ እጅ ግን “ጠብቋል” ብሎ ይመሰክራል። ሞተሩ ተነሥቶ ቺንጋው ቦታውን ሲይዝ ዳዶው ልል ሆኖ ይቀራል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ የፑሊውና የዘንጉ ጥርሶች ተፋጭተው ያልቃሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ የኋላውን ፑሊ ሁለት ገጾች በእጅ ከፍቶ ቺንጋውን ወደ ውስጥ ጠልቆ እንዲገባ መጫን፣ በዚህም የፊተኛው ጫፍ ይላላል። እንዳይመለስ ሁለቱን የቺንጋ ጎኖች በሲባጎ ማሰር፤ የፊቱ ገጽ ከቡሹ ጋር ገጥሞ የዘንጉ ጥርስ በቀዳዳው ሲታይ ብቻ ዳዶውን ማጥበቅ። ሲባጎው ሽፋኑ ከመዘጋቱ በፊት ይፈታል። ይህን የምጽፈው አንድ ጊዜ ስለረሳሁት ነው።

ለሐረጎ አቀበት ጥሩ ከሚባሉት ማሻሻያዎች አንዱ ሮለሮቹን በትንሹ ማቅለል ነው፤ ለምሳሌ 12 ግራም የነበሩትን በ11 ግራም መቀየር። ሮለሩ ሲቀል ፑሊው ዘግይቶ ስለሚገፋ ሞተሩ ጉልበቱ ባለበት ዙር ላይ ይቆይና ዳገቱን ይወጣል። ስህተት የሚሆነው በአንዴ ሦስት አራት ግራም መቀነስ ነው፤ ስኩተሩ ሜዳ ላይ እየጮኸ የማይሄድ፣ ቤንዚን የሚጨርስ ይሆናል። ከስድስቱ ያለቁትን ሁለቱን ብቻ መቀየርም፣ ቺንጋው በሚነካው ገጽ ላይ ግራሶ መቀባትም አይገባም። ቺንጋው የሚጎትተው በደረቅ ገጽ ላይ ሲይዝ ነው።

ፍሬንን ከቁልቁለቱ ነጥሎ ማሰብ

ባለማርሽ ሞተር ሳይክል የለመደ ሰው ስኩተር ይዞ ሐረጎን ሲወርድ ሞተሩ ይይዝልኛል ብሎ ይጠብቃል። የስኩተር ሞተር የመያዝ ኃይሉ ደካማ ነው፤ ፍጥነቱ ዝቅ ሲል ደግሞ ሞተሩን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ፍሪሲዮን ጨርሶ ይለቃል፣ ከዚያ ወዲያ የሚቀረው ፍሬን ብቻ ነው። ስለዚህ በቤት ውስጥ የኋላውን የፍሬን ገመድ ከልክ በላይ ማጥበቅ ደሴ ላይ ጥቃቅን ጥፋት አይደለም፦ የፍሬኑ ሸራ ፍሬኑ ሳይያዝም እየነካ ይግላል፣ ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ሲደርስ መያዝ ያቅተዋል። ገመዱ ከተስተካከለ በኋላ ጎማው በማቆሚያው ላይ ተንጠልጥሎ በእጅ ሲዞር ያለ መፋቅ መዞር አለበት። በመውረድ ላይ ሁለቱን ፍሬን በየተራና እያረፉ መያዝ እንጂ አንዱን ከላይ እስከ ታች ጨምቆ መሄድ አይገባም። የፍሬኑ ከበሮ ጨሰ ብሎ ከመንገድ ዳር ውኃ የሚያፈሱበትንም አይቻለሁ፤ የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ስለሚችል ቆሞ ማብረድ ይሻላል።

የጎማውን ነፋስ በሚመለከት፣ ለትንሽ ስኩተር የሚበቃው ብዙውን ጊዜ ከፊት 25፣ ከኋላ 32 ፒኤስአይ ገደማ ሲሆን ትክክለኛው ቁጥር በመመሪያው ወይም በስኩተሩ አካል ላይ ተጽፏል። ጎሚስታው ጋ ሲደረስ ቁጥሩን መናገር እንጂ “ሙላልኝ” ማለት አይበቃም፤ እጁ የለመደው የአይሱዙ ጎማ ነው።

ማስዋብ ሲበዛ

በወሎ ሞተርን ማስዋብ ደስ የሚል ልማድ ነው፤ የመቀመጫ ልብሱን፣ ዘርፉን፣ ባለቀለም መብራቱን ማንም አይጠላም። ችግሩ ከሽቦው ይጀምራል። ስፒከርና ተጨማሪ መብራት ያለ ፊውዝ ከክላክሱ ሽቦ ላይ ተጠልፎ ሲቀጠል፣ መጋጠሚያውም በፕላስተር ብቻ ሲጠቀለል፣ የክረምቱ እርጥበት ገብቶ ያዝገዋል፤ ፍሬቻው በጭጋግ መካከል ይጠፋል። መንዙማም ይሁን አምባሰል ለማዳመጥ የራሱ ፊውዝ ያለው መስመር ከባትሪው በቀጥታ መዘርጋት፣ ከሥራው በፊትም የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ መፍታት ያስፈልጋል። ማርሚታውን ቆርጦ ማስጮህ ደግሞ ጎረቤትን ከማስቀየሙ ሌላ ለካርቡሬተሩ የተለፋበትን ልክ ያዛባል። ስፖኪዮ ማውለቅን እንደ ማስዋብ የሚቆጥረውን ሰው ግን እስካሁን ሊገባኝ አልቻለም።

ሥራው እንዳለቀ በቀጥታ ቁልቁለት መውረድ

ከጥገና በኋላ የመጀመሪያው ጉዞ ሠፈር ውስጥ፣ በዝግታ፣ ሁለቱንም ፍሬን እየሞከሩ መሆን አለበት፤ ሐረጎ ነገ ይደረሳል። ማታ ስኩተሩ ሲቆም ከሥሩ ንጹሕ ካርቶን ይነጠፍ። ጠዋት በካርቶኑ ላይ ያለው ጠብታ ከመካከል ከሆነ የሞተሩ ዘይት መውጫ ክዳን፣ ከኋላ ጎማው ሥር ከሆነ የማርሽ ሳጥኑ ብሎን ይታያል፤ ቤንዚን የሚሸት እድፍ ካለበት ደግሞ ቁልፉ ሳይነካ ወደ ካርቡሬተሩ ቱቦ መመለስ ያስፈልጋል።