የትንንሽ ምስሎች መቀቢያ ብሩሽ አመራረጥ

28 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ምስል፣ ማለትም አሻንጉሊት መሰል ትንሽ ቅርጽ፣ ፊት ላይ ዐይን መቀባት ሲታሰብ፣ የጀማሪው እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ቀጭኑ ብሩሽ ነው፤ 5/0 ወይም 10/0 የሚል ወደተጻፈበት። ሥራውን የሚያበላሸውም ብዙ ጊዜ ይኸው ብሩሽ ነው። ጸጉሩ ጥቂት ስለሆነ የሚይዘው ቀለም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ከፓሌቱ (ከቀለም ማደባለቂያው ሰሌዳ) ተነሥቶ ምስሉ ጋ እስኪደርስ አክሪሊኩ፣ ማለትም በውሃ የሚቀጥነው ቀለም፣ ጫፉ ላይ ይደርቃል። ቀለሙ አልወርድ ሲል ቀቢው ይጫነዋል፣ ጸጉሩ ይከፈታል፣ ብሌን መሆን የነበረበት ነጥብ ጉንጭ ድረስ ይንጠባጠባል።

ቀጭን መስመር የሚወጣው ከጫፉ ሹልነት እንጂ ከብሩሹ ቅጥነት አይደለም። ጫፉ አንድ ነጥብ ላይ የሚሰበሰብ ቁጥር 1 ብሩሽ የዐይን ብሌን በደንብ ይቀባል፤ ጫፉ የተበተነ 10/0 ግን የቀበቶ ጠርዝ እንኳ አያስተካክልም። ስለዚህ ብሩሽ ሲመርጡ ቁጥሩን ወደ ኋላ ያቆዩትና በቅድሚያ ሁለት ነገር ይዩ፤ ጫፉንና ሆዱን።

ሆድ የምንለው ከጫፉ በላይ፣ ወደ ብረት ቀለበቱ ጠጋ ብሎ ጸጉሩ ወፈር የሚልበትን ቦታ ነው። ቀለሙ የሚጠራቀመው እዚያ ነው፤ ጫፉ ምስሉን ሲነካ ከሆዱ ቀስ እያለ ይወርዳል። ሆዱ ሞላ ያለ ብሩሽ ሳይደርቅ ረጅም መስመር ያስኬዳል። ሆዱ ከጠፋ፣ ጫፉ የቱንም ያህል ቢሾል በየሁለት ሚሊ ሜትሩ ወደ ፓሌት መመለስ ነው።

ከጸጉሩ ቀጥሎ የብረት ቀለበቱን ይመልከቱ። ጥሩው ዙሪያውን መገጣጠሚያ የሌለው ወጥ ቱቦ ነው። ቆርቆሮው ተጠቅልሎ የተገጠመ ከሆነ ውሃ በስንጥቁ ይገባል፣ ውስጥ ያለው ሙጫ ይላላል፣ ከዚያ ቀለሙ መሃል ላይ የተነቀለ ጸጉር ማግኘት ይጀምራል። ቀለበቱን በሁለት ጣት ይዘው እጀታውን በቀስታ ያዙሩት፤ ከተነቃነቀ ይተዉት። ስለ እጀታው ብዙ የሚባል የለም፤ አጭር ይሁን፣ እጅ ላይ አይንሸራተት።

የጸጉሩ ዓይነት

ለዝርዝር ሥራ የሚመረጠው ኮሊንስኪ የሚባለው ጸጉር ነው። ስሙ ብዙ ጊዜ ከሴብል ጋር ተያይዞ ይጻፋል፤ ጸጉሩ ግን የሚገኘው ከሴብል ሳይሆን በሳይቤሪያና በአካባቢው ከሚኖር ሌላ ትንሽ ሥጋ በል እንስሳ ጅራት ነው። እያንዳንዱ ዘለላ መሃሉ ላይ ወፍሮ ወደ ጫፉ በተፈጥሮው ይቀጥናል። ዘለላዎቹ አብረው ሲታሰሩ ሆዱም ሹል ጫፉም የሚመጡት ከዚሁ ነው። ጎንበስ ሲደረግ ተመልሶ ቀጥ ይላል፣ ውሃም አጥብቆ ይይዛል። ከዚህ የተነሣ ብሩሽ ሠሪ ጸጉሩን በመቀስ ከርክሞ ጫፍ አያወጣለትም፤ የተከረከመ ጫፍ ሹልነቱን ያጣል።

ሰው ሠራሽ ጸጉር፣ ማለትም ናይለን ወይም መሰሉ፣ ርካሽ ነው፣ ጠንከር ይላል፣ አዲስ ሳለ ጫፉ ከኮሊንስኪ ጋር ሊወዳደር ይችላል። ችግሩ ዕድሜው ነው። ጥቂት ሳምንት ከተሠራበት በኋላ ጫፉ እንደ መንጠቆ ወደ አንድ ጎን ይቆለመማል። ያን ጊዜ ብሩሹን ሙቅ ውሃ ውስጥ፣ የፈላ ሳይሆን፣ ለጥቂት ሰከንድ ነክሮ በጣት ቀጥ አድርጎ ማድረቅ ለጊዜው ያቃናዋል፤ ግን ይመለሳል። ይህ ማለት ሰው ሠራሽ ብሩሽ አይረባም ማለት አይደለም። መደብ ቀለም (ከዝርዝሩ በፊት የሚቀባውን) ለመቀባት፣ ለጥላ ቀለም፣ ለቫርኒሽ፣ በተለይም ብርማና ወርቃማ ለሆኑ ቀለሞች እሱ ይሻላል። በብርማ ቀለም ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ቅንጣቶች ጸጉሩ ሥር ገብተው በቀላሉ አይታጠቡም፤ በኋላ ቆዳ ሲቀቡ ፊቱ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላሉ። ለብርማ ቀለም ብሩሹም የማጠቢያ ውሃውም የተለየ ይሁን።

ቁጥሩን እንዴት እናንብበው?

ከዜሮ በላይ ቁጥሩ ሲጨምር ብሩሹ ይወፍራል፤ ከዜሮ በታች 00 ወይም 2/0፣ 000 ወይም 3/0 እያለ ይቀጥናል። ነገር ግን ሁሉንም ሠሪዎች የሚያስተዳድር አንድ መለኪያ የለም። ሁለት የታወቁ የኮሊንስኪ ብሩሾች፣ የዊንዘር ኤንድ ኒውተን ሲሪስ 7 ቁጥር 1 እና የራፋኤል 8404 ቁጥር 1፣ ጎን ለጎን ቢቀመጡ የራፋኤሉ ገዘፍ ብሎ ይታያል። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲቀይሩ ቁጥሩን ሳይሆን የጸጉሩን ርዝመትና ውፍረት በሚሊ ሜትር ያወዳድሩ፤ ብዙዎቹ ሠሪዎች ይህን ሰንጠረዥ ያወጣሉ።

ሲሪስ 7 ውስጥ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ከመደበኛው ሌላ «ሚኒያቸር» የሚል ስም ያለው ጸጉረ አጭር ዓይነት ይሸጣል። ስሙን አይቶ ለእኛ ሥራ የተሠራ ነው ብሎ የሚገዛው ብዙ ነው። ጸጉሩ ስላጠረ ለመቆጣጠር ይቀላል፤ ሆዱ ግን አብሮ አንሷል፣ ያው የ10/0 ችግር በሌላ መልክ ይመጣል። በአክሪሊክ ለሚቀባ ሰው መደበኛው ይመረጣል።

በተቃራኒው ጸጉራቸው በጣም የረዘመና የቀጠነ የመስመር ብሩሾች አሉ። በልብስ ጫፍ ላይ ረጅም ጥለት ለማስኬድ ጥሩ ናቸው፤ ለሌላው ሥራ ግን ጸጉሩ እየተወዛወዘ ያስቸግራል።

ሳይገዙ በፊት መፈተሽ

አዲስ ብሩሽ ደርቆ ቀጥ ብሎ የሚታየው ጸጉሩ በሙጫ ስለተያዘ ነው፤ ሹልነቱ አያታልልዎ። ሻጩን ውሃ ያስፈቅዱ። የሚከለክል ከሆነ ብሩሹን ከመግዛትዎ በፊት ቢያንስ መመለስ እንደሚቻል ይጠይቁ። ከዚያ፦

1. ጸጉሩን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ቀስ እያሉ ያወዛውዙ፤ ሙጫው እስኪለቅ ድረስ። በጣት አያፍተልትሉት፣ ደረቁን ጸጉር ማጠፍ ይሰብረዋል።
2. አንዴ ጠንከር አድርገው ወደ ታች ያርግፉት። ጥሩ ብሩሽ ማንም ሳይነካው ራሱ ወደ አንድ ሹል ነጥብ ይሰበሰባል። ለሁለት ከተሰነጠቀ፣ ወይም አንድ ዘለላ ብቻውን ወደ ጎን ከወጣ፣ ሌላ ይሞክሩ።
3. እርጥቡን ጫፍ የአውራ ጣት ጥፍር ላይ ጎንበስ አድርገው ይልቀቁት። ቶሎ ቀጥ ማለት አለበት። እንደተጎነበሰ የሚቀር ብሩሽ ያሰቡትን ቦታ አይነካም።
4. በውሃ ብቻ ወረቀት ላይ መስመር ያስምሩ፤ በጫፉ ጀምረው ቀስ እያሉ ይጫኑ፣ መልሰው ያንሱ። መስመሩ ከክር ቅጥነት ተነሥቶ ሰፍቶ እንደገና ክር ከሆነ ብሩሹ ጥሩ ነው።

ከአንድ ሠሪ፣ ከአንድ ሣጥን የወጡ ብሩሾች እንኳ አይመሳሰሉም፤ በእጅ የሚታሰር ነገር ነውና። ከስም ይልቅ ይህን ፈተና ይመኑ። በርቀት አዝዘው የሚገዙ ከሆነም ፈተናውን ቤት ሲደርስ ያድርጉ፤ ቀለም ከነካ በኋላ መመለስ ያስቸግራል።

ስንት ብሩሽ ያስፈልጋል?

ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሊንስኪ ቁጥር 1 አንድ፣ ሰው ሠራሽ ክብ ቁጥር 2 ወይም 3 አንድ፣ ለብርማ ቀለም ሰው ሠራሽ ቁጥር 1 አንድ፣ ቀለም ማደባለቂያ የሚሆን ማንኛውም ያረጀ ብሩሽ፣ ለደረቅ ቅብ (ቀለሙ ከብሩሹ ከተጠረገ በኋላ የምስሉን ጉብታዎች ብቻ እየነኩ ለመቀባት) ደግሞ ጸጉሩ ለስላሳና ጫፉ እንደ ጉልላት የከበበ የፊት ማስዋቢያ ብሩሽ። በቃ። አሥራ ሁለት ብሩሽ በአንድ ፖስታ የሚሸጠው ጥቅል ርካሽ ይመስላል፤ ከውስጡ ለዝርዝር ሥራ የሚሆን አንድ ቢገኝ ዕድል ነው። ለዚያ የሚወጣው ገንዘብ አንድ ጥሩ ቁጥር 1 ላይ ቢውል ይሻላል። እጅ ሲፈታ ቁጥር 0 እና ቁጥር 2 ኮሊንስኪ ይጨመራሉ።

ጫፉን የሚያጠፋው ምንድን ነው?

ጸጉሩ የሚጀምረው ከሚታየው ቦታ ሳይሆን ከቀለበቱ ውስጥ ነው። ቀለም እዚያ ገብቶ ሲደርቅ ዘለላዎቹን ከሥራቸው ይገፋቸዋል፣ ጫፉም ተንጨፍርሮ ይቀራል። የደረቀ አክሪሊክ በውሃ አይሟሟም። ስለዚህ ብሩሹን ቀለም ውስጥ ሲነክሩ ከጸጉሩ ርዝመት ግማሽ አይለፍ፣ በየጥቂት ደቂቃውም ቀለሙን ባይቀይሩ እንኳ ያለቅልቁት። ብሩሽ ከሚበላሽበት ምክንያት አብዛኛው ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ በኋላ ይመጣል።

ብሩሹን ጫፉን ወደ ታች አድርጎ ውሃ ውስጥ መተው ጫፉን ያጣምመዋል፣ ውሃውም እጀታውን አሳብጦ ቀለበቱን ያላላል። ሙጫ፣ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባው ማያያዣ ሽፋን) እና ደረቅ ቅብ ለኮሊንስኪ አይሆኑም። ቀለም ማደባለቅም እንዲሁ፤ ማሽከርከሩ ቀለሙን ወደ ቀለበቱ ይገፋል።

ሥራ ሲያበቃ ለብ ባለ ውሃ ካጠቡ በኋላ ጫፉን ለስላሳ ሳሙና ላይ ቀስ ብለው ያሽከርክሩ፣ መዳፍ ላይ አረፋውን ያውጡ፣ አረፋው ነጭ እስኪሆን ይድገሙት። ከዚያ ጫፉን በጣት አሹለው አግድም አስተኝተው ያድርቁት። ወደ ላይ አቁመው ካደረቁት ውሃው ከቀረው ቀለም ጋር ወደ ቀለበቱ ይወርዳል። ከብሩሹ ጋር የመጣው የፕላስቲክ ክዳን ሲደርቅ ብቻ ይገባለታል፤ ሲያስገቡም አንድ ዘለላ ጠርዙ ላይ ተይዞ እንዳይታጠፍ ይጠንቀቁ። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ የእንስሳ ጸጉር ብሩሽ ብል ስለሚበላው በተዘጋ ሣጥን ይሁን።

ጫፉን በከንፈር ማሾል የብዙ ቀቢዎች ልማድ ነው፤ መተው ያለበትም ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የሰዓት ገጽ ላይ ራዲየም የተባለ ጨረር የሚያመነጭ ንጥረ ነገር ያለበት ቀለም ይቀቡ የነበሩ ሴቶች ብሩሹን በከንፈራቸው ያሾሉ ስለነበር ብዙዎቹ በመንጋጋ አጥንት በሽታ ተሠቃይተዋል፣ የሞቱም አሉ። የዛሬ ቀለም ራዲየም የለበትም፤ አንዳንዱ ግን እንደ ካድሚየም ያለ ወደ አፍ መግባት የሌለበት ነገር አለበት። እርጥብ ሶፍት ላይ ብሩሹን እያሽከረከሩ መጎተት ጫፉን እኩል ያሾለዋል።

በደንብ የተያዘም ኮሊንስኪ አንድ ቀን ጫፉ አልሰበሰብ ይላል። ያን ጊዜ አይጣል። መጀመሪያ ለመደብ ቀለም ይውረድ፣ ቀጥሎ ለብርማ ቀለም፣ ከዚያ ለማደባለቂያ፣ መጨረሻ ላይ ሙጫ ለመቀባት።